ቶሎ የሚለቅ እጅ

የሹፌሩ ቀኝ ክንድ በሶፋ ሠሪው ሁለት ጭኖች መካከል ተቀርቅሯል። ሶፋ ሠሪው በጀርባው እንደተኛ የሹፌሩን የእጅ አንጓ ደረቱ ላይ አጣብቆ ይዞታል፤ ወገቡን ትንሽ ከፍ ቢያደርግ ጨዋታው ያልቃል። ከፍ አደረገ። ወዲያው የሹፌሩ ሌላኛው እጅ የሶፋ ሠሪውን ጉልበት መታ መታ አደረገ። ሶፋ ሠሪውም ለቀቀ።

በጁጂትሱ የተሸነፈ ሰው ተጋጣሚውን በመዳፉ መታ ያደርጋል፤ የተመታው ይለቃል። ሶፋ ሠሪው አለቀ ብሎ ላቡን ሊጠርግ እጁን ወደ ግንባሩ ሲሰድ ሹፌሩ ተገልብጦ ደረቱ ላይ ወጣና በገዛ ልብሱ ኮሌታ አንገቱን አነቀው። ዓይኑ ሲጨልምበት መምታቱ የእሱ ተራ ሆነ። እሱ ግን ምንጣፉን የመታው አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ ነበር።

"መትተህ ነበርኮ" አለ እየሳለ።

"ማ? እኔ?" ሹፌሩ ቀበቶውን አጠባበቀ። "ክንዴን ላስለቅቅ ስንፈራገጥ ነክቼህ ይሆናል። ጋሽ ሶፋ፣ ሰው በነካህ ቁጥር የምትለቅ ከሆነ ታክሲ ላይ እንዴት ነው የምትሳፈረው?"

ዙሪያውን የተቀመጡት ሳቁ። አሰልጣኙ በር ላይ ከአዳራሹ አከራይ ጋር ሲነጋገር ስለነበር አላየም። ክለቡ በእነሱ ክብደት ለውድድሩ የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የዛሬው ግጥሚያም ያንን ሰው ለመለየት ነበር። ስለዚህ አሰልጣኙ ያየ ሰው ካለ እንዲናገር ጠየቀ። ሁሉም ቀበቶውን ማሰር ጀመረ፤ የታሰረለትም ፈትቶ እንደገና አሰረ።

ሶፋ ሠሪው ይህን ስፖርት የጀመረው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ነው። ከእሱ ጋር እንዲጋጠም የተመደበ ሁሉ "ዛሬ ሶፋ ደርሶኛል፣ ላርፍ ነው" እያለ ይቀልድ ነበር። ቀልዱ እያንገበገበው ከክፍል ውጭ ለብቻው መሥራት ጀመረ። ወርክሾፑ ውስጥ ስልኩን ከማስቲሽ ቆርቆሮው ጋር አስደግፎ አንዲትን ቴክኒክ ብቻ፣ ያችኑ የክንድ መቆለፊያ፣ ጉልበቱ የት እንደሚገባ በቃሉ እስኪይዝ ድረስ እያዘገመ ያያታል። ጨርቅ ሲወጥር ፒንሳውን ትቶ በጣቱ ይጎትታል። ሠራተኞቹ ምሳ ሲወጡ ወለሉ ላይ ተጋድሞ፣ በእንጨት ፍቅፋቂው መካከል ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በዳሌው ይሳባል።

ብቻውን የማይሠራው ነገር ሲገጥመው የሚስቱን ወንድም አገኘ። አማቹ ከመጋዘን ሥራው ከተቀነሰ ወዲህ ሳሎናቸው ውስጥ ነበር የሚያድረው። "በነፃ ከምትተኛ ሰውነትህን አበድረኝ" አለው። ሚስቱ ይህን ስትሰማ ሕግ አወጣች፦ "የወንድሜ እጅ ገና ሲነካህ ልቀቅ። አንድ ነገር ቢሆን ሁለታችሁንም ነው የማስወጣችሁ።" አማቹም በዚህ ሕግ ተጠቀመ። ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል፣ መቆለፊያው ሳይጠብቅ፣ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ቸብ ያደርገዋል፤ ሶፋ ሠሪው ይለቃል፤ እንደገና ይጀምራሉ። ሶፋ ሠሪው ቴክኒኳን አበጥሮ ተማራት፤ መልቀቁንም አብሮ ተማረው።

አማቹ ዛሬ አዳራሹ ውስጥ ነበር። የወርክሾፑን ቁልፍ እንዲያደርስ እህቱ ልካው መጥቶ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሲገባ ማን እንደሆነ የጠየቁትን ሶፋ ሠሪው "ቤት የምለማመድበት ፍራሼ ነው" ብሎ አስቋቸው ነበር።

አሰልጣኙ ወደ እሱ ዞረ። "አንተስ ወንድሜ? ፊት ለፊታቸው ነው የተቀመጥከው፤ ሲመታው አየህ?"

አማቹ ሶፋ ሠሪውን አየው፤ ሹፌሩንም አየው። "እኔ ፍራሽ ነኝ" አለ። "ፍራሽ ምን ያያል?"

አሁን ሳቁ ከቅድሙ ባሰ። አሰልጣኙ አልሳቀም። ውድድር ላይ ዳኛው ሳያስቆም የሚለቅ ሰው ያሸነፈውን ግጥሚያ እንደሚያስረክብ፣ ይህን ልማድ ሳያጠፋ ሰው ፊት እንደማያቆመው ለሶፋ ሠሪው ነገረውና የሹፌሩን ስም አስመዘገበ። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" አለ በመጨረሻ።

ልብስ መቀየሪያው ጋ ሹፌሩ ጆሮው ሥር ጠጋ አለ። "ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው ነገሩ፣ ጋሽ ሶፋ። አትቀየም።"

ሁለቱ አማቾች ወደ ቤት መንገድ ጀመሩ። ፊት ፊት የሚሄደው ሶፋ ሠሪው ነበር። መሻገሪያው ላይ መኪና አስቆማቸው።

"አይተሃል አይደል?" አለ ሶፋ ሠሪው ዞሮ።

"አይቻለሁ። ጉልበትህን ነው የመታህ። ልክ እኔ እንደምመታህ።"

"ታዲያ አፍህ ተሰፍቶ ነበር?"

"ማን ብለው ይመኑኝ? ገና ስገባ ስም አወጣህልኝ።"

"ቀልድ ነበር።"

"እነሱ ሶፋ ሲሉህም ቀልድ ነው። እራት አልዋጥ ሲልህ የማይህ እኔ ነኝ።"

ሶፋ ሠሪው እውነት ሲነግሩት ክፉ ነገር ይቀናዋል። ቤቴ እየበላህ አለና የበላውን፣ የተኛበትን፣ ያየበትን ቴሌቪዥን ሁሉ ዘረዘረ። አማቹ እስኪጨርስ ጠበቀው። ሥራ ባገኘበት ቀን አንዲት ሌሊት እንኳ እንደማያድርለት፣ እስካሁንም የቆየው ስለ እህቱ ብሎ እንደሆነ ተናገረና ቀድሞት ተሻገረ።

ቤት ሲደርሱ ሚስቱ ከሥራ አልገባችም። አማቹ ልብሱን ወደ ሻንጣው ይከት ጀመር። ሶፋ ሠሪው በሩ ላይ ቆሞ አየው። ሂድ ለማለት አፉ ደርሶ ነበር፤ የክርክራቸው ትኩሳት ገና አልበረደም። ወደ ሳሎን ተመለሰ፤ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው ገፋ፤ የሚለማመዱበትን ስፖንጅ ወለሉ ላይ ዘረጋ።

"ዛሬ አልተኛልህም" አለ አማቹ ካለበት ሆኖ።

"እኔ ነኝ የምተኛው። ና።"

አማቹ መጥቶ ቆመ። ሶፋ ሠሪው በጀርባው ተጋድሞ ቀኝ እጁን፣ ጨርቅ የሚወጥርበትን እጁን፣ ወደ ላይ ዘረጋለት። አጠገቡ እንዲቀመጥ፣ አንድ እግሩን በደረቱ ሌላውን በፊቱ ላይ እንዲያሳልፍ፣ አውራ ጣቱን ወደ ጣሪያ አዙሮ አንጓውን እንዲይዝ ነገረው። አማቹ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ሲሠራበት የኖረ ነገር ስለሆነ አልከበደውም። የሶፋ ሠሪው ክርን ዳሌው ላይ ሲያርፍ ቆም አለ። ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም።

"ሁለተኛ እንደ ዝንብ አትምታኝ" አለ ሶፋ ሠሪው። "አንተ ስትያዝ እስክትችል ታገል። እኔም ስያዝ እንደዚያው።"

"አሁን ስትመታኝ ባልለቅህስ?"

ሶፋ ሠሪው ክንዱን ሊያስመልጥ ሞከረ፤ እውነትም ተይዟል። በአማቹ ጭን መካከል አንድ ቀዳዳ ይሰማዋል፤ በዚያ በኩል ቢሾልክ ይወጣል። አልሾለከም፤ ነፃ እጁንም ሳይመታ ስፖንጁ ላይ አሳረፈ።

"ጉልበትህ ላልቷል" አለው። "መጀመሪያ እሱን አጥብቅ።"