ጋሽ እሳቱ እና አዲሱ ጋዝ

ፍሪጅ ጠጋኙን ሽማግሌ ሰፈርተኛው ሁሉ "ጋሽ እሳቱ" ይላቸዋል። ቁጡ ስለሆኑ አይደለም፤ ቁጣውስ አላነሳቸውም። ጋዝ የሚያፈስ ቧንቧ የሚፈልጉት በእሳት ስለነበር ነው። ትንሿን ነበልባል ቧንቧው ላይ ቀስ እያሉ ያስኬዷታል፤ ጋዝ ከሚወጣበት ስትደርስ አረንጓዴ ትሆናለች። ባለፍሪጁ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ልጃቸውም ሥራውን የወደደችው ያንን እያየች ነው።

ከዚያ ሕጉ መጣ። የድሮው ጋዝ አየሩን ያሞቃል ተብሎ ከውጭ የሚገባው እየተቀነሰ፣ በየሱቁ አዲሱ ጋዝ የተሞላባቸው ፍሪጆች ተደረደሩ። አዲሱ ለአየሩ ደግ ነው፤ ሾልኮ ወጥቶ እሳት ካገኘ ግን ቤት ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ሥልጠና ያልወሰደ ሰው እንዳይነካው ተከለከለ። ጋሽ እሳቱ በዚህ ዕድሜዬ ከልጆች ጋር ወንበር ላይ አልኮለኮልም ብለው ወገቤን አሉ። ልጅቱ ሄዳ ሠለጠነች። ምስክር ወረቀቷን ግድግዳው ላይ የሰቀሉላት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ምን እንደተማረች ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቋትም።

የድሮ ፍሪጅ ይዞ የሚመጣ እየጠፋ ሄዶ መጠገኛ ቤታቸው ሊዘጋ ምንም ያልቀረው ጊዜ፣ የትልቁ መደብር ሥራ አስኪያጅ አባትና ልጅን ጠራቸው። ማቀዝቀዣዎቹን በሙሉ በአዲሶቹ ቀይሯል፤ የጓዳው ግን አልቀዘቅዝ ብሎታል። እሱን ላስተካከለልኝ የሁሉንም ጥገና እሰጣለሁ አለ።

አባትዬው ጓዳ ገብተው ከማንም ቀድመው ማቀዝቀዣው ሥር ተንበረከኩ። ቧንቧውን በጣታቸው ዳሰሱና፣ የዕድሜ ልክ ልማድ ነውና፣ እጃቸው ኪሳቸው ገብቶ ላይተር ይዞ ወጣ። ልጅቱ ዘልላ እጃቸውን ያዘች።

"አባዬ፣ ይሄኛው ይቀጣጠላል። ይውጡ።"

በሰው ፊት እንዲህ ተናግራቸው አታውቅም። ፊታቸው ደም መሰለ። ላይተራቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። ሥራ አስኪያጁንም አስከትላ አስወጣችው።

ከዚያ ሥራዋን ያዘች። የጓሮውን በር ወለል አድርጋ አየር አስገባች፤ የጋዝ መመርመሪያ መሣሪያዋን ቧንቧው ላይ አስኬደች፤ ሲጮኽላት የሳሙና አረፋ ቀባች። አንዱ መገጣጠሚያ ሥር አረፋው ተነፋ። አገኘችው። ይህን ሥራ እንደምትችል ድሮም ታውቅ ነበር። ያባቷ ፊት ግን ከዓይኗ አልጠፋም።

ከደጅ የክርክር ድምፅ ሰምታ ወጣች። ሥራ አስኪያጁ መጠበቁ ሰልችቶት ሲጋራ ለኩሷል፤ የደረሰችበትን ልይ ብሎ ሊገባ ሲል አባቷ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ሞልተውታል። ሰውዬው በገዛ መደብሬ እንዴት እከለከላለሁ ይላል። ሥራው አበቃለት አለች በልቧ።

"መደብሩ ያንተ ነው" አሉት አባቷ። "ውስጥ ያለችው ግን ልጄ ናት። ሲጋራህን አጥፋ።"

ሰውዬው ሽማግሌውን አየ፤ ሲጋራውን አየ። ከበሩ ራቅ ብሎ ሄደና በጫማው ደፈጠጠው። ሲመለስ እየሳቀ ነበር። አባቷንም ደንበኛዋንም ከምታባርር ባለሙያ፣ ደንበኛውን ከሚያባርር አባት ሌላ መደብሬን ለማን አምኜ ልሰጥ ነው፣ ጥገናው የእናንተ ነው አለ።

ጋሽ እሳቱ ይህን የሰሙም አይመስሉም። ላይተራቸውን አውጥተው ለሰውዬው አስያዙት። ከዚያ ማቀዝቀዣ ያለበት ክፍል ለመግባት ማንንም አስፈቅደው የማያውቁት ሰው፣ ወደ ልጃቸው ዞረው፣

"ልግባ?" አሏት።