ሻሼ ኪየቭ ላይ የደረሰችው ለቅሶ

እኔ አሰለፈች ሰው ማድነቅ ብዙም አይሆንልኝም። ናዝሬት ገበያ፣ አባቴ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ነው ያደግሁት፤ የሚሞገስ ነገር ሁሉ እንከን አያጣም ብዬ ገልብጬ ማየት ልማዴ ነው። ሻሼን ግን ገለባብጬ ገለባብጬ አቃተኝ። ዛሬም ስሟ ሲነሳ "እሷማ!" ከማለት ሌላ ቃል የለኝም።

ወደ ኪየቭ የተላክነው በ1972 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው፤ ደርግ ተማሪ ወደ ሶሻሊስት አገሮች ይልክ በነበረበት ጊዜ። እኔ ከናዝሬት፣ እሷ ከወንጂ። አባቷ ጋሽ ነጋሳ አገዳ ቆራጭ ናቸው። ልጅ ሆና ከወንጂ ስኳር ፋብሪካ አጥር ውጭ ቆማ ጭሱን ስታይ ነው ያደገችው፤ እና የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የስኳር ምሕንድስና ተምራ በዚያ በር መግባት።

ከተማው ጉድ ነው! ወንዙ ቆቃን ያስንቃል፤ ባቡሩ መሬት ውስጥ ይሄዳል፤ ደረጃው ሳትራመጅ ይዞሽ ይወርዳል። የመጀመሪያ ቀን ደረጃው ላይ የሻሼን ክንድ ይዤ "ወይኔ እናቴ!" ብዬ ስጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። እሷ እኮ ዝም ብላ ትስቃለች።

የማደሪያችን ኃላፊ ታማራ የምትባል ሴትዮ ነበረች። ቁልፍ ታጥቃ ትዞራለች፤ አንድ አንሶላ ከጎደለ ቤቱን ታምሳለች። ደንብ ስትል ደንብ ናት፤ አንዲት ፍንክች የለም። ቀድሞን የመጣው የወለንጪቲው ልጅ ኢተፋ፣ ያን ጊዜ አስተርጓሚያችን፣ "እሷን አትጠጉ፤ ጥርስ ነቃይ ይሻላል" ብሎ አስጠንቅቆን ነበር።

ገና በገባንበት ሳምንት አንድ ነገር ተነገረን። ለስኳር ምሕንድስና ያለው ቦታ ጥቂት ነው፤ ሰኞ ጠዋት በሒሳብ ፈተና ይለያል፤ ያልተፈተነ ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ነገር ይማራል። ሻሼ ወንበሯ ላይ ተተከለች። ሒሳብ ስትሠራ ምስር የምትለቅም ሴት ትመስለኝ ነበር፤ ዝም ብላ፣ ፈጠን ብላ፣ አንዱንም ሳትዘል።

ቅዳሜ ዕለት ኢተፋ መጣና፣ "ታማራ ወንድሟ ሞተባት" አለን። "እሱ ብቻ ነበር የቀራት። ሌሎቹ በጦርነቱ ጊዜ አልቀዋል።"

እኔ "ነፍስ ይማር" ብዬ ወደ ሻዬ ተመለስኩ። ሻሼ እርሳሷን አስቀመጠች።

"ለቅሶው የት ነው?" አለችው።

"የምን ለቅሶ? እዚህ አገር ለቅሶ መቀመጥ የለም። ሰኞ ይቀበራል፤ አለቀ።"

"ታዲያ አብሯቸው ማን አለ?"

"ማንም።"

ተነሳች። የነጠላዋን ጥለት ወደ አንገቷ አዙራ ለብሳ ወደ ታማራ ክፍል ወረደች። ብዙም አልቆየች፤ ብርድ ልብስ ታቅፋ ተመለሰች። ለካ ታማራ በሩን ከፍታ፣ ነጠላውን አይታ፣ "ይቺ በርዷት ነው" ብላ ብርድ ልብስ አስፈርማ ሰጥታ በሩን ዘግታባታለች! በሳቅ ሞትኩ። ሻሼ ግን ብርድ ልብሱን አልጋዬ ላይ ወርውራ እንደገና ወረደች። አሁንስ? ታማራ መብራት የተቃጠለባት መስሏት፣ አምፖል ይዛ መጣች።

"ተይ አቦ፣ ነገ ደግሞ ወንበር ታሸክምሻለች!" አልኳት።

እንደገና ወረደች። ቆየች። በጣም ስትቆይብኝ ልጠራት ሄድኩ። ሻሼ ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ታማራ፣ ያቺ ቁልፍ ታጣቂ፣ አጠገቧ ቁጭ ብላ እንደ ሕፃን ትንሰቀሰቃለች። ሻሼ ሩሲያኛ የምታውቀው ሰላምታ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ "አይዞዎት እናቴ፣ አይዞዎት" ትላለች። ሳልገባ ተመለስኩ።

እሑድ ከሰዓት ወደ እኔ መጥታ "ነገ ቀብር እሄዳለሁ" አለችኝ።

"አብደሻል? ነገ ፈተና ነው! ከቀረሽ ስኳሩ ቀረ ማለት ነው እኮ!"

ለቀባሪው አረዱት ሆነብኝ፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ቢሆንም አላስቻለኝም። "እዬዬም ሲደላ ነው፣ ሻሼ!" ብዬ ጮህኩባት።

"አሰሉ፣ ስሚኝ" አለች። "የእኛ የአገዳ ሠራተኞች ካምፕ ውስጥ ሁሉም ከየአገሩ ተሰባስቦ የመጣ ነው። ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከወላይታ። ዘመድ ያለው ማን አለ? እናቴ የሞተች ቀን ሬሳዋን የተሸከሙት ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው፤ ሥራቸውን ጥለው። እኚህ ሴትዮ ብቻቸውን ሬሳ ሲከተሉ እኔ በምን ልቤ ነው ቁጭ ብዬ የምፈተነው?" ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። "ስኳሩን እፈልገዋለሁ አሰሉ። በጣም ነው የምፈልገው።"

ተቃቅፈን አለቀስን። ሰኞ እኔ ወደ ፈተና፣ እሷ ወደ መቃብር ሄድን። ከሬሳው በስተኋላ የሄዱት ታማራና ሻሼ ብቻ ነበሩ አሉ።

በማግስቱ የትምህርት ቤቱ ዲን አስጠራት። እኔና ኢተፋም ተከትለናት ገባን። ዲኑ ለምን እንደቀረች ሲጠይቃት ኢተፋ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ "ታምሜ ነበር በይ፤ ሌላውን ለእኔ ተዪው" አላት።

"አይሆንም። ቀብር ነበርኩ በልልኝ።"

ኢተፋ እየከፋው ተረጎመ። ዲኑ መነጽሩን አወለቀ። "ከፈተና ለመቅረት የሚፈቀደው የቤተሰብ ሞት ብቻ ነው። ሟቹ ቤተሰብሽ ነው?"

ሻሼ አንገቷን ደፋች። እኔ በልቤ "በቃ፣ ሄደች" አልኩ። "አይደለም" ልትል አፏን ስትከፍት በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ።

ታማራ ናት፤ ጥቁር በጥቁር ለብሳለች። መጥታ እጇን ሻሼ ትከሻ ላይ ጫነችና አንድ ነገር ተናገረች። ኢተፋ መተርጎሙን ትቶ አፍጥጦ አያት።

"ምን አለች? ተናገር እንጂ!" ብዬ ጎሸምኩት።

"'ልጄ ናት' አለች። 'ሟቹ አጎቷ ነው፤ ጻፍ' አለች።"

አገር ይያዝ! ዲኑ አንዴ የታማራን ነጭ ፊት፣ አንዴ የወንጂ ፀሐይ ያጠቆራትን ሻሼን አየ። ታማራ ዓይኗን አልሰበረችም። ዲኑ ብዕሩን አነሳ።

"የአጎትሽ ስም?" አላት።

"ኒኮላይ" አለች ሻሼ፣ ኢተፋ ሳይተረጉምላት፤ እንባዋም ዱብ ዱብ አለ።

በነጋታው ለብቻዋ ተፈትና ሁላችንንም በለጠችን። እሱስ እኔን አይገርመኝም። የሚገርመኝ ያን ቀን ዲኑ ስሙን ጽፎ ሲጨርስ ከወንበሩ ተነስቶ፣ መጀመሪያ ለታማራ፣ ቀጥሎም ለሻሼ እጁን ዘርግቶ፣ "እግዜር ያጥናችሁ" እንደሚባለው ያለ ቃል በአገሩ ቋንቋ መናገሩ ነው።