በማን ኮድ ገባ

«ጥያቄው አንድ ነው፤ ሌባው በማን ኮድ ገባ?» አሉ የነዋሪዎች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሻለቃ ኦዬላራን፣ ስልካቸውን ከፍ አድርገው እያሳዩ። «በዘጠኝ ቁጥር ቤት የእንግዳ መግቢያ ኮድ ነው የገባው። ዘጠኝ ቁጥር የማን ነው?»

የማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ድንኳኑ ሥር የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዓሣ የሚገዛው ከዚያ ቤት ነው። ኢቢናቦ እጇን አወጣች።

«የእኔ ነው ሻለቃ።»

«እንግዲያው የኢንጂነር ኡዞማን ባትሪዎች ዋጋ የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ደንቡ ላይ ፈርመዋል።»

ኢንጂነሩ ከመንገድ ሲመለስ የሶላር ባትሪዎቹ በነበሩበት ቦታ የተበጠሰ ሽቦ ብቻ ነበር ያገኘው። ጆንያ ተሸክሞ የወጣውን ሰውዬ የበሩ ዘበኛ አውዱ አይቶታል። ግን ሰውዬው የጄኔሬተር ጠጋኝ ነኝ ብሎ ሲገባ ኮዱ ትክክል ነበር፤ ጆንያውም የጄኔሬተር ዕቃ የያዘ ይመስል ነበር። ከዚያ ወዲህ የጠጋኙ ስልክ አይነሣም።

የኢቢናቦ ጄኔሬተር ደህና ነው። የተበላሸው የጎረቤቷ የሞሬኒኬ ነው። ሞሬኒኬ የማኅበሩን መዋጮ መክፈል ካቃታት ቆይታለች፤ መዋጮ ያልከፈለ ቤት ደግሞ ለእንግዳ ኮድ ማውጣት አይችልም። ዘመድም ይምጣ ሐኪም፣ ከበሩ ይመለሳል። ባሏ ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆኖ ከተኛ ወዲህ፣ የምታክመው ነርስ የምትገባው በኢቢናቦ ኮድ ነው። ጠጋኙም የገባው እንደዚሁ ነው። ኮድ ማበደር ክልክል መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ሌጎስ ውስጥ በእንዲህ ያለ ግቢ እየኖረ ለጎረቤቱ ያላበደረ ካለ ግን እሱ ይፍረድባቸው።

ሞሬኒኬ ልክ ከፊቷ ተቀምጣለች። ኢቢናቦ ማጅራቷን እያየች፣ አሁን ትነሣለች፣ አሁን ትናገራለች ብላ ጠበቀች። ሞሬኒኬ የቀሚሷን ክር ትመዛለች።

«ባልከፍልስ?» አለች ኢቢናቦ በመጨረሻ።

«የእርስዎም ኮድ ይዘጋል።»

«ኧረ ሻለቃ! ኮዴ ከተዘጋ የዓሣ መኪናው በየት ሊገባ ነው?»

«ዓሣው በቦዩ እየዋኘ ይምጣ!» አለ ከኋላ አንዱ፤ ድንኳኑ በሳቅ ሞላ።

ኢቢናቦ አልሳቀችም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ያቆመው ያ የዓሣ ማቀዝቀዣ ነው። እሱ ባዶ ከዋለ ሁለት ልጆቿ ጦማቸውን ያድራሉ።

ሻለቃው ድምፃቸውን አለዘቡ። «እርስዎን መጉዳት አንፈልግም። ኮዱን ለሌላ ቤት ሰጥተው ከሆነ ይንገሩን፤ ዕዳው ወደዚያው ይዞራል።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን ያለው ሰው የሚያበላቸው ልጆች አልነበሩትም መሰለኝ።

«አሥራ አንድ ቁጥር» አለች። ስም መጥራት አልሆነላትም።

ሞሬኒኬ ዞረች። «ኢቢናቦ! አንቺ?»

«ምን ላድርግ? እስክትናገሪ ጠበቅሁሽ እኮ!»

«ተናግሬ ምን ላመጣ? አንቺ ዓሣ አለሽ። እኔ ያለኝ የተኛ ሰው ነው!»

ዕዳው ወደ ሞሬኒኬ ዞረ። እሷ እንደማትከፍል ግን ሁሉም ስለሚያውቅ፣ ሻለቃው ሌላ ውሳኔ አቀረቡ፤ ከዛሬ ጀምሮ ለአሥራ አንድ ቁጥር እንግዳ ኮድ የሚሰጥ ሰው ሙሉ ዕዳውን ይወርሳል። የምትስማሙ እጅ አውጡ ተባለ። ሰው ሁሉ ኢቢናቦን ያይ ነበር። የእሷም እጅ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ዓሣ እየመዘነች ሳለ አውዱ ከበሩ ደወለላት።

«እትዬ፣ ነርሷ መጥታለች። ያቺን ኮድ ይላኩላት እንጂ።»

«የእኔ እንግዳ አይደለችም።»

«እሱስ አውቃለሁ እትዬ። ግን የጀርባው ቁስል ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አልታጠበም እያለች ነው። ይሸታል አለች።»

«ሻለቃውን ጠይቅ፣ አውዱ። እኔን አትጠይቀኝ!»

ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት። በእሱ ተቆጥታ አልነበረም። አፍራ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ከደጅ የጎማ መንቋቋት ሰማች። ሞሬኒኬ ባሏን በተሽከርካሪ ወንበር ላይ አስቀምጣ ወደ በሩ እየገፋች ነው። ደንቡ እንግዳ እንዳይገባ እንጂ በሽተኛ እንዳይወጣ አይከለክልም፤ ነርሷ የዘበኛው አግዳሚ ላይ ልታጥበው ነው፣ በመንገደኛው ሁሉ ፊት። የኢቢናቦ ቤት ፊት ለፊት ያለው የመንገድ ጉብታ ላይ ሲደርሱ ወንበሩ አልወጣ አለ። ሞሬኒኬ አንዴ ገፋች፣ ደገመች። የሰውዬው ራስ ወደ ጎን ተንጋደደ።

ኢቢናቦ ስልኳን ይዛ ደጃፏ ላይ ቆመች። ኮድ ማውጣት ማለት ስልኩ ላይ ጣት ማሳረፍ ነው፤ ነርሷ ትገባለች፣ ሰውዬውም ወደ አልጋው ይመለሳል። ከኋላዋ ማቀዝቀዣው እያጉረመረመ ነው። ስልኩን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

«ቆይ፣ ከፊት ላንሣልሽ።»

ሞሬኒኬ ላቧን በክንዷ ጠረገች። ትሰድበኛለች ብላ ነበር ኢቢናቦ፤ ብትሰድባት ይሻላት ነበር።

«ጉልበትሽን አልለመንኩሽም» አለች ሞሬኒኬ በቀስታ። «ኮዱን ስጪኝ።»

ሰውዬው ከታመመ ወዲህ አይናገርም፤ ዓይኖቹ ግን ደህና ናቸው። ኢቢናቦን ትክ ብሎ አያት።

እሷ ጎንበስ አለች፤ ዓሣ ዓሣ በሚሸቱ እጆቿ የፊት ጎማዎቹን ያዘች።

«በይ፣ ግፊ» አለች፣ ቀና ሳትል።