ከከሰሉ ያመለጠ ወርቅ

ፋብሪካው ለሰዓት፣ ለጌጥ፣ ለማንኪያ ሳይቀር የወርቅ ቅብ ይቀባል። ዕቃው የታጠበበት ውሃ ግን ዝም ብሎ አይደፋም። በቱቦ ወደ ጓሮ ወርዶ ከሰል በታጨቀባቸው በርሜሎች ውስጥ ያልፋል። ውሃው ውስጥ ዓይን የማያየው ወርቅ አለ፤ ከሰሉ እላዩ ላይ እያጣበቀ ያስቀረዋል። ከሰሉ ወርቅ ሲጠግብ ይቃጠልና ከአመዱ ወርቁ ይነጠራል። እነዚህን በርሜሎች የሚጠብቀውን ሰውዬ አባ ከሰል ይሉታል። ቅጽል ስሙን አይጠላውም፤ የሚጠላው የሚጠራው ሰው ማጣቱን ነው።

ወደ ጓሮ ማን ይመጣል? ምሳውን ከበርሜሎቹ ጋር ይበላል፤ ቤቱ ሲገባም ያው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንዲት ብርጭቆ አጥቦ፣ ሳትደርቅ መልሶ ይጠጣባታል። የቀረችው ኩራት አንዲት ናት። «ከእኔ ከሰል ወርቅ አያመልጥም!» ይላል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች እራት ላይ እየደጋገመ ይህንኑ ሲላት፣ አንገቷን ደፍታ ፈገግ ትል ነበር።

«እስቲ ቀለበትሽን ልውሰድልሽና ፋብሪካ ላስወልውለው» ሲላት ግን እጇን ሽርጧ ስር ትከታለች።

«ከጣቴ አይወጣም! አርፈህ ብላ።»

እሱም ይህን ፍቅር ነው ብሎ ተረጎመው። ባል መቼም ደስ የሚለውን ትርጉም አያጣም።

ባለፈው ሰሞን በሌላ ከተማ የምትኖረው ልጁ ደወለች። የምትደውለው በስንት ጊዜ አንዴ ነው።

«አባዬ፣ ላገባ ነው። የእማዬን ቀለበት ይዘህልኝ ና።»

ሌላ ምንም አልጠየቀችም። ና ያለችው ከቀለበቱ ጋር አያይዛ ነውና፣ ያለ ቀለበቱ ቢሄድ በሩን የሚከፍትለት አልመሰለውም። ቀለበቱን ከመሳቢያ አውጥቶ ሲያየው ደብዝዟል። የሙሽራ ነገር ነው፣ ማብረቅረቅ አለበት። በምሳ ሰዓት፣ ቅብ ክፍሉ ጭር ሲል ገብቶ፣ ቀለበቱን በክር አስሮ የወርቅ ቅቡ ገንዳ ውስጥ ሰቀለው።

ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሳምንት አንድ ቱቦ ስላፈሰሰ ገንዳዎቹ ቦታ ተለዋውጠዋል። እሱ የሰቀለበት፣ ከተበላሸ ዕቃ ላይ ወርቁን የሚገፍፈው ገንዳ ነበር። ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል። ለአባ ከሰል ግን ማን ይንገረው?

ተመልሶ ክሩን ሲስበው ቀይ መዳብ ወጣ። ከምሳ የተመለሰችው የቅብ ክፍሉ ኃላፊ ቀለበቱን ከእጁ ተቀብላ በቧንቧ ውሃ አጠበችውና አገላብጣ አየችው።

«አባ ከሰል፣ ሙሉው ወርቅ ቢሆን ኖሮ በአንድ ምሳ ሰዓት እንዲህ አይሆንም ነበር። ይሄ ድሮም ቅብ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው? ራሴ ነኝ የገዛሁት! ወርቅ ነው!»

ሴትዮዋ በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው። «እሺ፣ አሁኑኑ ልቀባልህ። ማንም አያውቅም።»

«ተይው» ብሎ ቀለበቱን ተቀብሏት ወጣ።

ቅቡ የታጠበበት ውሃ ቀድሞት ጓሮ ወርዷል። ያችን ስስ ቅብ ከሰሉ ይይዛታል፣ በዚህስ አይጠረጥርም። ዋናው ወርቅ ግን መቼ ከቤቱ ወጣ? የምትመልስለት አፈር ለብሳለች። ስልኩን አንስቶ ለልጁ ደወለና የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«አባዬ… አውቃለሁ። ያኔ ሳንባህን ታመህ የተኛህ ጊዜ ነው። እማዬ ወርቁን ሸጣ ይሄን ቅብ ስትገዛ አብሬያት ነበርኩ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሩኝ?»

«እማዬ አስምላኝ ነው። ደግሞ አንተ የወርቅ ሰው ነህ፣ ዛሬ ያውቃል፣ ነገ ያውቃል እያልን ስንፈራ ኖርን። አንድ ቀን እንኳ አላየኸውም።»

መዳቡን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው።

«እንዳታስቀባው፣ እሺ? እንዳለ አምጣልኝ። እኔ የምፈልገው እሱን ነው።»

በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባላል። እሱ ደግሞ መዳቡን ወርቅ ነው እያለ ስንት ዘመን እራቱን በላ። ያዳነው መድኃኒት ከዚያ ጣት የወጣ መሆኑን ሳያውቅ፣ ከእኔ ወርቅ አያመልጥም እያለ ፎከረባት። እሷም አንገቷን ደፋች።

ስልኩን ዘግቶ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሌላ ምን ያደርጋል? ከመጨረሻው በርሜል የሚወጣውን ውሃ በብርጭቆ ቀድቶ፣ እንደ ልማዱ ወደ ብርሃን አንስቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ትኩር ብሎ አየው። ጥርት ያለ ነው። የሚስቱን እጅ አንድ ቀን እንኳ እንዲህ አድርጎ አላየውም። ብርጭቆውን በርሜሉ ላይ አስቀመጠና አለቀሰ።