ፊርማ የሌለው እንጨት

ኖራ የሚሆን ድንጋይ አራት ቀንና አራት ሌሊት ሳይቋረጥ እሳት ይፈልጋል። ከዚያ ካነሰ ላዩ ነጥቶ ልቡ ጥሬ ይቀራል። ውሃ ቢያፈሱበት አይፈላም፣ አይፈርስም። ጥሬ ድንጋይ ነው፣ በቃ።

ይህን ያስተማሩኝ አባ ዓብዱልአዚዝ ናቸው። ከድሬዳዋ ዳር ባለው የኖራ ምድጃችን ሠላሳ ዓመት እሳት አንድደዋል፤ መጀመሪያ ለግሪኩ ባለቤት፣ ምድጃው ከተወረሰ በኋላ ደግሞ ለመንግሥት። እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ እዚያው በጸሐፊነት ተቀጥሬ ነበር።

አንድ ጊዜ ዝናብ ገባና አንድ ምድጃ ሙሉ ድንጋይ ተበላሸ። አለቆች የዝናቡን ጥፋት በእሳቸው ስም ጻፉት። ቢደገም የኢኮኖሚ አሻጥር ነው ብለው በሠራተኛው ፊት አስፈረሟቸው። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው የት ገባ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ከወር በኋላ፣ እሑድ ማለዳ የተለኮሰው እሳት አራተኛ ቀኑን በያዘበት ረቡዕ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አባ ዓብዱልአዚዝ ጠሩኝ።

"ካሣ፣ ና እስቲ ወሪያ። እንጨቱን እየው።"

አየሁት። ቀትርን የሚያልፍ አይመስልም።

"መኪናውስ?"

"ሾፌሩ ጉግሳ እንጨቱን እንደ ጫነ ኬላ ላይ ተይዟል። ጓድ ተሰማ ያልፈረመበት እንጨት ከተማ አይገባም የሚል መመሪያ ወጥቷል አሉ።"

"መቼ ነው የወጣው?"

"ትናንት። እኔ እሳቱን የለኮስኩት እሑድ ነው። እሳት መመሪያ አያነብ አቦ፣ ምን ልበለው?"

ተሰማ ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ቢሮው ከዚራ ሰፈር ነው። የእንጨቱን ማለፊያ ወረቀት ጽፌ፣ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ አቋርጬ በእግሬ ሄድኩ። ጸሐፊዋ የኔነሽ ከታይፕራይተሯ ቀና እንኳ አላለችም።

"ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"ስለ ምን?"

"ስለ ኖራ እጥረት።"

"እትዬ የኔነሽ፣ ኖራው እኮ አሁን ሊበላሽ ነው።"

"እሱን አጀንዳ አላስያዝክማ።"

ወጥቼ በር ላይ ካለው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ቆምኩ። ከዚህ በኋላ ያለው ጥፋት የኔ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለን የጂኦግራፊ መምህራችን የኖራ ድንጋይ ጥንት የባሕር ወለል ነበር ብሎን ነበር፤ ቀንድ አውጣና ዛጎል ተደራርቦ የደረቀ። ያ ነገር ትዝ አለኝ። ጋራዎቹን አየሁና ከተማውን በውሃ ሞላሁት። ዓሣዎች በቪላዎቹ መስኮት ሲገቡ ሲወጡ፣ የባቡር ጣቢያው ጣሪያ ላይ ኤሊ ስትቀዝፍ እያየሁ ስንት ጊዜ እንደቆየሁ አላውቅም። ስባንን የኔነሽ የቢሮውን በር እየቆለፈች ነው።

"ጓድ ተሰማ ያለፉት እኮ በአጠገብህ ነው" አለች። "ሰላም ቢሉህ ዝም አልካቸው።"

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ቢሮ የለም። ሙቀቱ እስኪበርድ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ አገሩ በሙሉ ይተኛል። ሰውን ከዚህ እንቅልፍ የሚቀሰቅስ መርዶ ነጋሪ ብቻ ነው። ቢሆንም ተሰማ ቤት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ባለቤቱ ወይዘሮ በለጠች ነጠላቸውን እየጎተቱ ብቅ አሉ።

"ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ፊርማ ፈልጌ ነው።"

"ማንም ካልሞተ ዘጠኝ ሰዓት ና።"

"እስከዚያ እሳቱ ይጠፋል።"

"እሳት ቢጠፋ ከጎረቤት ይጫራል፣ ልጄ" ብለው በሩን ዘጉት።

ምድጃው ጋ ስደርስ አባ ዓብዱልአዚዝ የሚቀመጡባትን በርጩማ ሳይቀር እሳት ውስጥ ከተዋታል። መሬት ላይ ቁጭ ብለዋል።

"ፈረመ?"

"ተኝቷል።"

አልተቆጡም። የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው ሰጡኝ። "ለዚነት አድርስልኝ" አሉ። ዚነት ልጃቸው ናት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠዋት አንድ ጊዜ ነቅቼ ብቆም ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም።

የሠራተኛው የፖለቲካ ውይይት ክበብም ጸሐፊ እኔ ስለነበርኩ የአዳራሹ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። ሄጄ ከፈትኩት። ሃያ ሁለት አግዳሚ ወንበር አለ፤ ደረቅ ጥድ። የመጀመሪያውን እየጎተትኩ ስመጣ ሽማግሌው ተነሡ።

"ወሪያ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ነው።"

"ኖራውስ የማን ነው?"

"ማን ፈቀደ ቢሉስ?"

"ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ነው። እርስዎ አላዩም።"

ሽማግሌው መጥረቢያውን አነሡ። "አቦ፣ እንዲያ አትክተተው፣ በቁመቱ ነው" አሉኝ። አግዳሚዎቹን ጨርሰን ወደ ተናጋሪው ጠረጴዛ ሄድን። መጨረሻ ላይ "ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን" የሚለውን መፈክር የያዙትን ቋሚዎች ነቀልኩ፤ ጨርቁን አጣጥፌ አስቀመጥኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰማ ወረቀቱን ሳያነበው ፈረመ። "ይህን ብለህ ነው ጠዋት የተገተርከው?" አለኝ። "አትነግረኝም ነበር?" አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የጉግሳ መኪና ገባ፤ እሳቱም እስከ ሐሙስ ማለዳ ነደደ።

ቅዳሜ ምድጃው ተከፈተ። አባ ዓብዱልአዚዝ አንድ ድንጋይ ባልዲ ውስጥ ጣሉ። ውሃው ተንተከተከ፣ ድንጋዩ ፈርሶ ዱቄት ሆነ። ሰዓታቸውን መለስኩላቸው።

ሰኞ ተሰማ ለውይይት መጣና ባዶ አዳራሽ አገኘ።

"አግዳሚዎቹስ?"

"ነደዱ" አልኩ።

"በማን ትእዛዝ?"

"በኔ።"

ተሰማ በመስኮቱ አሻግሮ ደጅ የተቆለለውን ኖራ አየ። ኮታው መሙላቱን በዚያው ጠዋት በራሱ ስም ሪፖርት አድርጎ ነበር፤ ነገሩን አሻጥር ቢለው የላከውንም ሪፖርት መሰረዝ ሊኖርበት ነው። የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብህ አለኝ። ጸሐፊው እኔ ስለሆንኩ ራሴ ጻፍኩት። አባ ዓብዱልአዚዝ ግን ስማቸው አልተነሣም።

ውይይቱን ቆመን ተወያየን። ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው በሩብ ሰዓት አለቀ። ስንወጣ ጉግሳ ክንዴን ያዝ አደረገና፣ "ካሣዬ፣ አዳራሹን ራሱንስ መቼ ነው የምታነድልን?" አለኝ።