ለኡምሰልማ እጅ ተጠያቂው

የማሽን ሠራተኛዋ ኡምሰልማ ቀኝ እጇን ያጣችው በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ኮሚቴው የተሰበሰበው ሐሙስ ነው። በነዚያ ሁለት ቀናት፣ ከአዋሽ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው የጥጥ መዳመጫ አለቆች አንዱም ሴትዮዋ ትኑር ትሙት አልጠየቀም። ጭንቀታቸው ወረቀቱ ላይ ማን ተጠያቂ ተብሎ ይጻፍ የሚለው ነበር።

ቃለ ጉባኤ ለመያዝ የተጠራችው ታይፒስቷ መንበረ ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ የእነዚህን ሰዎች ውሸት ስትተይብ ኖራለች፤ “ዕቅዳችን ከመቶ በላይ ተሳክቷል” የሚለውንማ ጣቶቿ ሳታያቸው ይጽፉታል።

ሥራ አስኪያጁ ጓድ ጉልላት ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጦ ጉሮሮውን ጠረገ። “የዛሬው አጀንዳ፣ ለደረሰው አደጋ በሕግ ተጠያቂው ማነው የሚል ነው።”

“አዋጁ ግልጽ ነው፤ ለሠራተኛው ደህንነት ኃላፊው አሠሪው ነው” አለ ካድሬው ጓድ ቢሰጥ። “ይህ ንብረት የማነው? የሰፊው ሕዝብ። ስለዚህ አሠሪው ሰፊው ሕዝብ ነው።”

“ኡምሰልማስ?” አለች መንበረ ቀና ሳትል።

“ኡምሰልማ ምን ሆነች?”

“ለቃለ ጉባኤው ነው። ሰፊው ሕዝብ ውስጥ አለችበት ብዬ ልጻፍ?”

ቢሰጥ ቁም ነገር የተጠየቀ መስሎት ጥቂት አሰበ። “በሚገባ” አለ። “ስለዚህ የኃላፊነቱ ተካፋይ ናት።”

መንበረ እንዳለው ጻፈችው።

ቀጥሎ ወደ ሻሿ ተዞረ። ማሽኑን የሚያዞረው ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሽፋን አልነበረውም፤ የሻሿን ጫፍ ሳበው፣ ላስጥል ብላ እጇን ስትዘረጋ እሱም አብሮ ገባ።

“ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ማሰር ነበረባት” አለ ጉልላት። “ቺንጋው ክፍት መሆኑን ደግሞ መካኒኩ ከድሩ ማሳወቅ ነበረበት። ዝም አለ። ለሕግ ይቅረብ።”

ከድሩ ወደ ስብሰባው አልተጠራም። መንበረ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ተነሳች፤ ከቁም ሳጥኑ አንድ ፋይል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለጠችው።

“ምንድነው ይሄ?”

“የከድሩ ደብዳቤ ነው፤ ራሴ ነኝ የተየብኩለት። ቺንጋዎቹ ሰው ሳይበሉ ሽፋን ይሠራላቸው ብሎ ካመለከተ ሦስት ወር አለፈው። በቀይ የተጻፈበት የእርስዎ ነው፤ ‘ዕቅዱ እስኪሞላ ይቆይ’ ይላል፤ ከሥሩም ፊርማዎ አለ።”

ጉልላት ወረቀቱን አገላበጠ፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው። “ይህ እኮ ፊርማ አይደለም” አለ በመጨረሻ። “ፓራፍ ነው፤ አጭር ምልክት ብቻ።”

ከዚያ በኋላ ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ ፓራፍ በሕግ ያስጠይቃል አያስጠይቅም ብለው ግማሽ ሰዓት ተከራከሩ። መንበረ አንድ ቃል አላስቀረችም። ሲወጡ ጉልላት ቃለ ጉባኤው ይስተካከል አላት።

“እርስዎ ያስተካክሉትና ይፈርሙበት” አለችው። መፈረም የሚባል ነገር ስላስጠላው እንዳለ ቀረ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣው ተቆጣጣሪ ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አነበበና ተጠያቂው ድርጅቱ ነው ብሎ ወሰነ። ከድሩ ተረፈ። ጉልላት ከዚህ በሚበልጥ የጥጥ እርሻ ላይ ተሾመ፤ ሲሄድም በግ ታረደለት።

እሁድ መንበረ በባቡር ናዝሬት ሄዳ፣ ሆስፒታል ለተኛችው ኡምሰልማ ውሳኔውን ነገረቻት።

“ድርጅቱ” አለች ኡምሰልማ። “ማነው እሱ? ጎረቤቴ ቢሆን መጥቶ ይጠይቀኝ ነበር።” ቀጥላም፣ “ማሽኔ ላይ ማን ቆመ?” አለች።

“መዲና።”

“የአክስቴ ልጅ? ቺንጋው ተሸፈነ?”

“አልተሸፈነም። ሻሽ ማድረግ ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ።” መንበረ አንገቷን ደፋች። “እኔ ነኝ የተየብኩት።”

“አንቺም ተየብሽው” አለች ኡምሰልማ። “በይ ሂጂና ለመዲና ንገሪያት። እኔ ብያለሁ፣ ወላሂ እዚያ ማሽን ላይ አትቁም።”

የመልሱ መንገድ ለመንበረ ረዘመባት። ሰዎቹን ስትንቅ የኖረች ሴት፣ ራሷን ከእነሱ ለይታ ማየት አቃታት።

ሰኞ ጠዋት ቢሮ አልገባችም። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ማሽኖቹ አዳራሽ ሄዳ፣ ጩኸቱ ስለሚያደነቁር አፏን መዲና ጆሮ ላይ አድርጋ የተላከችውን ነገረቻት። መዲና ከማሽኑ ራቀች። አጠገቧ ያለችው አይታ ተከተለቻት፤ ከዚያ ሌሎቹም እየተዉ ጥጥ ጆንያዎቹ ላይ ተቀመጡ። ከድሩ ማብሪያውን አጠፋና አሮጌ የናፍጣ በርሜል እያንከባለለ መጥቶ ለቺንጋዎቹ ሽፋን እንዲሆን ቆርቆሮውን መቅደድ ጀመረ።

አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ጸጥታው አስደንግጦት ወጣ። ቢሰጥ እየሮጠ ደርሶ የኢኮኖሚ አሻጥር ነው አለ። ከሴቶቹ ግን የተነሳች የለም።

መንበረ በዚሁ ሰበብ ከጽሕፈት ቤት ተነስታ መጋዘን ተመደበች። ሽፋኖቹ በሁለት ቀን ተገጠሙ፤ ቢሰጥም በወሩ ሪፖርት የኮሚቴው የሥራ ፍሬ ናቸው ብሎ አስገባቸው።