የሰኞ ቀሚስ

ሰኞ ሰኞ፣ ለስምንት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል፣ ሸዋሉል የሐዘን ጥቁሯን አውልቃ አረንጓዴ ቀሚሷን ትለብሳለች። የተላጨ ራሷን በሻሽ ትሸፍናለች፣ ፊቷን ቅባት ታስነካለች፣ ከዚያ ልጇ ሰብለወንጌል ፊት ቆማ «እንዴት ነኝ?» ትላታለች። ሰብለወንጌልም «ጥሩ ነሽ» ትላለች። ጥሩ አይደለችም። ባሏን ከቀበረች ሦስት ወር ያልሞላት ሴት ከየት አምጥታ ጥሩ ትሆናለች? ግን ስልኩ ሊጠራ ነው፤ ስልኩ ላይ የሚመጣው ደግሞ የአባቱን ሞት ያልሰማው እዩኤል ነው።

እዩኤል ዛምቢያ ነው፣ ንዶላ የምትባል ከተማ። እንጀራ ፍለጋ የሄደ እንዳይመስላችሁ፤ ሊሰብክ ነው የሄደው። አዲስ አበባ ኮሌጅ ሲማር ነጭ ሸሚዝ የለበሱ ሁለት ፈረንጆች አገኘ፣ እንግሊዝኛ ልለማመድባቸው ብሎ አብሯቸው ተቀመጠ፣ ሞርሞን የሚባል የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን አባል ሆኖ ተነሣ። በእርግጥ ነገሩ አንድ ዓመት ፈጅቷል፤ አሶሳ ውስጥ ሲወራ ግን እንዲህ አጥሮ ነው የሚወራው። አባቱ ታረቀኝ በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጣ ባለ ወፍጮ ነበር፣ በየወሩ ማርያምን የሚዘክር ሰው። ስድስት ወር ሙሉ ልጁን አኮረፈ። በሰባተኛው «ክርስቶስን እስካልካደ ድረስ ምን አደርገዋለሁ» አለና እስከ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣውን ተሸክሞ ሸኘው።

የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለሰፈሩ ሰው ብዙ ጊዜ መሳቂያ ሆኗል። ልጁ ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነው፣ ደረቱ ላይ ግን «ኤልደር ታረቀኝ» የሚል ጥቁር ምልክት ይለጥፋል፤ ኤልደር ማለት ሽማግሌ ነው። «ጢም ሳያወጣ ሸመገለ» ተባለ። ሁለት ዓመት ያለ ደመወዝ ያገለግላል። ጠዋት ተነሥቶ ያነባል፣ ይጸልያል፣ ቀኑን ሙሉ ቀይ አቧራ እየጠጣ በር ያንኳኳል፣ አብዛኛው በር ይዘጋበታል። አብሮት ፊፊታ የሚባል ቶንጋ ከምትባል አገር የመጣ ግዙፍ ልጅ አለ፤ ሱቅ እንኳ ሲሄዱ አይነጣጠሉም፣ ደንባቸው ነው። ሰኞ የእረፍት ቀናቸው ናት። ሸሚዝ ያጥባሉ፣ አስቤዛ ይገዛሉ፣ ወደ ቤት ይደውላሉ። ሌላ ቀን መደወል አልተለመደም፤ ለለቅሶ ብሎ አገልግሎቱን አቋርጦ የሚመጣም ብዙ የለም።

ታረቀኝ ከመስከረም ጀምሮ ኩላሊቱ ሲያሰቃየው ቆይቶ ኅዳር ሃያ፣ ዓርብ ቀን አረፈ። ከቀብር መልስ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ደባልቄ ቤተሰቡን ሰብስበው ተናገሩ። «መርዶ በስልክ አይነገርም። ልጁ ባዕድ አገር ነው። ማን ይይዘዋል? ማን ውኃ ያቀምሰዋል? የቀረው ስምንት ወር ነው። ሲመጣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በወጉ ይነገረዋል።» የተቃወመ የለም። ሰብለወንጌልም አልተቃወመችም። የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት፣ ልጆች እንግሊዝኛ የምታስተምር፣ አፍ ያላት፤ ያን ቀን ግን ዝም አለች። ለዚህ ዝምታዋ ራሷን ይቅር ማለት እስከ ዛሬ አልቻለችም።

የመጀመሪያው ሰኞ ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። እናትየው ከወፍጮው ጀርባ ሄዳ «አባትህ ተኝቷል» አለችው። በሁለተኛው «ሐኪም ቤት ነው» አለች። በሦስተኛው የሚያዋጣ ውሸት ተገኘ፤ «ጠበል ገብቷል፣ እዚያ ኔትወርክ የለም።» እዚህ ላይ ቢቆም ምንኛ በጎ ነበር። ጥር ላይ ግን ልጁ ከስቶ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ ስታየው እናትየው አልቻለችም። «ተሽሎታል ልጄ። እህል መቅመስ ጀምሯል» አለችው።

እዩኤል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ለካ በየእሁዱ ለአባቱ ሲጾም ከርሟል፣ ውኃም ሳይቀምስ። ጸሎቱ የተሰማለት መሰለው። በሚቀጥለው እሁድ ጉባኤ ፊት ቆሞ «አባቴን ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውበት ነበር፣ እግዚአብሔር አዳነልኝ» ብሎ መሰከረ። ይህን እየሳቀ ነገራቸው። እናትና ልጅም አብረውት ሳቁ፤ ስልኩ ሲዘጋ ሸዋሉል አረንጓዴውን ቀሚስ በጥርሷ ነክሳ መሬት ላይ ተንከባለለች።

የካቲት አሥር፣ በአሥራ ሁለተኛው ሰኞ፣ እዩኤል እንዲህ አለ። «ሰብሌ፣ ማማ ቻንዳ ያልኩሽ ሴትዮ የለችም? ባሏ የአባዬ ዓይነት በሽታ ነው ያለበት። ምስክርነቴን ከሰማች ወዲህ ልትጠመቅ ቆርጣለች። ባሏንም ከሐኪም ቤት ላስወጣው እያለች ነው። ተይ አልኳት፣ አትሰማኝም። ያንተን አባት ያዳነ የእኔን ባል አይተውም ትላለች። እና አባዬን በዓይኗ ማየት ትፈልጋለች። በሚቀጥለው ሰኞ ይዛችሁት ኑ። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ድረስ ብቻ። ከቅዳሜ ማታ ጀምሬ እጾማለሁ፣ አባዬን ሳየው ነው እህል የምቀምሰው።»

ሰብለወንጌል ከዚህ በኋላ የተናገረውን አልሰማችም። አንድ ዘመዷ ያልሆነ ሰው፣ መልኩን የማታውቀው፣ ዛምቢያ ውስጥ ተኝቶ መድኃኒት እየወሰደ ነው፤ እሷ ቤት የተጋገረው ውሸት ያን ሰው ከአልጋው ሊያስነሣው ነው።

ጋሽ ደባልቄ ዘንድ ሮጠች። እሳቸው ግን መላ አያጡም። «ሱባኤ ገብቷል በይው። ሱባኤ የገባ ሰው ስልክ አያይም።»

«ጋሼ፣ ሰው ሊሞት ነው እኮ።»

«የማን ሰው? እኔ የማውቀው የታረቀኝን ልጅ ነው። እንደ ወጣ እንዳይቀር ነው የምፈራው።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ ጎረቤታቸው ጣሂራ በር ላይ ቁጭ ብላ በርበሬ ትለቅማለች። ጣሂራ የበርታ ሰው ናት፣ አማርኛውን በራሷ መንገድ ነው የምትናገረው። የሰኞውን ነገር ሁሉ ከአጥር ወዲያ ስትሰማ ከርማለች፣ አንድም ቀን አስተያየት ሰጥታ አታውቅም። ያን ቀን ሰብለወንጌል እያለቀሰች ስታልፍ ጠራቻት።

«ሰብሌ፣ ና እዚህ። ይሄ ነገር ሐራም ነው። ለታመመ ሰው ዱዓ ሌላ ነው፣ ለሞተ ሰው ዱዓ ሌላ ነው። ልጁ የታመመ ዱዓ ያደርጋል። ታረቀኝ ሞተ፣ የሞተ ዱዓ ይፈልጋል። ልጅ እያለ ዱዓ የለውም። ይሄ ሁለቱን መቀማት ነው።»

ሰብለወንጌል እዚያው በርበሬው አጠገብ ቁጭ አለች። ሦስት ወር ሙሉ ወንድሜን እየጠበቅሁት ነው ስትል ነበር። አባቷን ግን አስባው አታውቅም።

ያኔውኑ ለፊፊታ ጻፈችለት። ቁጥሩን እዩኤል ለክፉ ቀን ብሎ ሰጥቷት ነበር። እንግሊዝኛ አስተማሪ ናት፤ ግን መርዶ ማለትን በእንግሊዝኛ ማስረዳት ፈተና ሆነባት። እንዲህ አለችው። አባቱ ሞቷል። እስከ ሰኞ አትንገረው። ሴትዮዋ ሳትመጣ፣ ጠዋት እንደ ተነሣችሁ እደውላለሁ፤ እኔ ስነግረው አንተ ከኋላው ሁን። በአገራችን እንዲህ ያለ ወሬ የሚሰማ ሰው ራሱን መሬት ላይ ይጥላል፣ ደረቱን ይደቃል። አጥብቀህ ያዘው። ውኃ በእጅህ ይኑር። ከተቻለ ቀድመህ እህል አቅምሰው።

መልሱ ቶሎ መጣ። «እኔ ከእሱ የምለይበት ሰዓት የለም፣ እይዘዋለሁ» አለ ፊፊታ። እሁድ ማታ ደግሞ ሌላ ጻፈ። «ታረቀኝ እህል አልቀምስም ብሏል። ታረቀኝ ደስ ብሎት ሸሚዙን እየተኮሰ ነው። እኔ ዓይኑን ማየት አቃተኝ።» የእነሱ ልማድ በአባት ስም መጠራራት ነው። ሰብለወንጌል የአባቷን ስም እያየች ስልኩን መዝጋትም ማንበብም አቃታት።

ሰኞ የካቲት አሥራ ሰባት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጋሽ ደባልቄ ጋቢ የለበሱ አምስት ሰዎች አስከትለው መጡ። ልትነግረው መሆኑን ከሸዋሉል ሰምተዋል፤ ነገሩን ባይወዱትም ከሆነ አይቀር በወጉ ይሁን ብለዋል። «ያለ ሽማግሌ የተነገረ መርዶ ሰው ያሳብዳል» አሏት። ሰብለወንጌል ውጭ ይቆዩልኝ ብላ ለመነች፣ አልሰሟትም። ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ ተደረደሩ። ሸዋሉል ጥቁሯን እንደ ለበሰች ጓዳ በር ላይ ተቀመጠች። ሰብለወንጌል ስልኩን የስኳር ቆርቆሮ ላይ አስደግፋ ደወለች።

እዩኤል መጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ክራቫት፣ የረጠበ ፀጉር። ከንፈሩ በጾም ደርቋል፣ ፊቱ ግን ይስቃል።

«ሰብሌ፣ በጠዋት? አባዬ መጣ እንዴ? የት አለ?»

ከዚያ ዓይኑ ከትከሻዋ ወዲያ ሄደ። በማለዳ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ግድግዳ ተደግፈው ዝም ብለው ሲቀመጡ ምን ማለት እንደሆነ ለኢትዮጵያዊ ማንም አያስተምረውም። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቆመ።

«ጋሽ ደባልቄ ምን ሊያደርጉ መጡ?»

ይህን ሲል ከኋላው ሁለት ትላልቅ ክንዶች መጥተው ደረቱን አቀፉት። ምስኪን ፊፊታ ቋንቋውን አያውቅም፤ የጓደኛውን ድምፅ ሰምቶ ተነገረው ብሎ ቃሉ ሳይወጣ ቀድሞ ያዘው። እዩኤል ክንዶቹን ቁልቁል አየ፣ ቀና ብሎ እህቱን አየ።

ጋሽ ደባልቄ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሕይወታቸው ስንት መርዶ የተናገሩ ሰው ናቸው፣ ግን ስልክ ፊት ዓይናቸውን የት እንደሚያሳርፉ ጠፋቸው። «ልጄ...» አሉና ቀጥ አሉ። ስለዚህ ሰብለወንጌል ተናገረችው።

«አባዬ ሞቷል፣ እዩ።»

«መቼ?»

«ኅዳር ሃያ።»

አልጮኸም። ራሱንም አልጣለም። የሚያለቅሰው ፊፊታ ነው፣ ግንባሩን የእዩኤል ትከሻ ላይ ደፍቶ። እዩኤል ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ሰብለወንጌል መጀመሪያ የሚጸልይ መሰላት፣ ኋላ ግን ሰኞዎቹን እየቆጠረ እንደሆነ ገባት።

«አሥራ ሁለት» አለ። «ትናንት የጾምኩት ለማን ነው?»

«ጉባኤ ፊት ቆሜ አባቴ ድኗል አልኩ። በጌታ ስም ነው ያልኩት፣ ሰብሌ። ያኔ ከተቀበረ ስንት ጊዜው ነበር?»

«እኔ ነኝ የዋሸሁት። ለሴትዮዋም እንደዚያው ንገራት። ባሏን እንዳታስወጣው።»

«አንቺን አታውቅሽም። የነገርኳት እኔ ነኝ።»

ሸዋሉል ከጓዳው በር ተነሥታ መጣች። ሻሽ አላደረገችም፤ የተላጨ ራሷን ልጇ ያየው ያን ጊዜ ነው። ስልኩ ፊት ተንበረከከች። «እዩዬ፣ አንተ ለሰው ሁሉ ትነግር የለም? ሰው ቤተሰቡን እንደገና ያገኛል ትል የለም? እስቲ ለእኔም ንገረኝ። አገኘዋለሁ በለኝ።»

እዩኤል አፉን ከፈተ። በቀን አሥር ጊዜ፣ በሰው በረንዳ ላይ፣ በሰው ቋንቋ የሚለው ቃል ነው። ሰብለወንጌል ስታየው ቃሉን እየፈለገው ነበር፣ በእውነት ፈልጎታል። አፉን መልሶ ዘጋው። ከዚያ እናቱን ትኩር ብሎ አያት።

«ከስተሻል» አላት።

«ሐዘን ነው ልጄ። እኔ ደህና ነኝ።»

«እሱንም ደህና ነው ብለሽኝ ነበር።»

«እውነቴን ነው፣ ማርያምን። ምንም አልሆንኩም።»

«እማዬ፣ ተነሺ» አላት። ድምፁ ቁጣ የለበትም። «ተነሺና እስከ በሩ ድረስ ሂጂ። ልይሽ።»

ሸዋሉል ጉልበቷን ይዛ ተነሣች። እስከ በሩ ሄዳ ተመለሰች። ጋሽ ደባልቄና ሰዎቹ እግራቸውን ሰብስበው መንገድ ለቀቁላት። ስልኩ ውስጥ ያለው ልጅ፣ በሰው ክንድ እንደ ታሰረ፣ ዓይኑን ከእናቱ እግር አልነቀለም።

«ድገሚው» አላት።

ደገመችው። እንባዋ እየወረደ፣ ግድግዳ ሳትይዝ፣ ቀጥ ብላ ለመሄድ እየታገለች። ሰብለወንጌል ስልኩን ወደ ራሷ አዞረች። «ይብቃት እዩ፣ ደህና ናት። እኔ እምልልሃለሁ።»

«ስልኩን መልሺው» አለ፣ ወደ እሷ እንኳ ሳያይ። «እማዬ፣ አንዴ ድገሚው።»